የድረ ገጻችን እድሳት፦ ለጎንደር አስጎብኚዎች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ድረ ገጻችን ለተሠራበት ሶፍትዌር፣ ለድሩፓል 7፣ ይሰጥ የነበረው ነጻ የደህንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2025 መባቻ ቆሟል፤ እኛ እስካሁን በእርሱ ላይ ነን። ወደ ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ወደ ዎርድፕረስ እንዛወር። ዓላማው ያው ነው፦ የአስጎብኚው ስም፣ ቋንቋና ስልክ ተዘርዝሮ እንግዳው ያለ ደላላ እንዲያገኘን።

ሒሳብ ያዥ፦ ባለፈውም ሶፍትዌሩ ነጻ ነው ተብለን ፈረምን። የሰርቨሩን ኪራይ ማን ከፈለ? ከመዋጮው ሰባራ ሳንቲም አላወጣም።

ወጣቱ፦ ድሩፓል እ.ኤ.አ. በ2001፣ ዎርድፕረስ በ2003፣ ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ጁምላ ደግሞ ማምቦ ከተባለው ተገንጥሎ በ2005 የወጡ ናቸው። ሦስቱም ጽሑፉን በመረጃ ቋት አስቀምጠው፣ ሲጠየቁ ገጹን ያዘጋጃሉ። የእኛ ዝርዝር በዓመት ስንት ጊዜ ይቀየራል? ጄኪል የተባለው መሥሪያ ግን ገጹን አስቀድሞ ሠርቶ ፋይሉን ብቻ ያስቀምጣል፤ ወጪው ይቀንሳል፣ ሰርጎ ገብም የሚገባበት ቀዳዳ ይጠብበታል። ዝውውሩን ለእኔ ተዉት።

የፒያሳው፦ በምንም ይሠራ፤ ፊት ለፊት የሚወጣው ፎቶ ግን ግንቡ አይሁን። ግንብ ያልለጠፈ ሆቴል የለም። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ይሁኑ።

አንጋፋው፦ ልጄ፣ እንጀራህን የምትበላው በግንቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ የመዘገበው ፋሲል ግቢን ነው።

የፒያሳው፦ ጋሼ፣ ሥላሴም፣ የፋሲል መዋኛም፣ ቁስቋምም በዚያው መዝገብ ውስጥ ናቸው። አስጎብኚ ይህን ይስታል?

አንጋፋው፦ ግቢው ውስጥ ሳስጎበኝ አንተ አልተወለድህም!

የአዘዞው፦ ለጥምቀት የሚመጣ እንግዳ የሚፈልገው መዋኛውን ነው። ውኃው ሞልቶ፣ ወጣቱ ሲዘል።

የቁስቋሙ፦ እኛን እንደ ልማዳችሁ እርሱን።

የፒያሳው፦ ጋሼ፣ ቃሌን አንስቻለሁ። ፎቶውን ግን አላነሳሁም።

ጸሐፊ፦ እየተፈራረቁ ይውጡ።

ሒሳብ ያዥ፦ በዚያ ጄኪል በተባለው ፎቶ የሚቀይረው ማን ነው? እኔ ከፍቼ የምገባበት ገጽ አለው?

ጸሐፊ፦ በራሱ የለውም፤ ፋይሉን የሚነካካ ባለሙያ ይፈልጋል። ዎርድፕረስ ላይ ማንኛችንም እንቀይራለን። ወጣቱ፣ ምን ትላለህ?

ጸሐፊ፦ ወጣቱ?

የአዘዞው፦ ሰሜን ተራሮች እንግዳ ይዞ ወጥቷል።

አንጋፋው፦ ፎቶው ከተሰበሰበ አይቀር የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ እናሳትም። ለጥምቀት ይሸጣል፣ ሁሉም ቦታ ይደርሰዋል።

ሒሳብ ያዥ፦ ይህ ገንዘብ ያስገባል። ለማተሚያ ቤት ቀብድ እፈርማለሁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ረቂቁን አሻሽላለሁ፦ ቀን መቁጠሪያ፣ ዐሥራ ሦስት ገጽ። የስም ዝርዝሩ ለሚቀጥለው ዓመት። መስከረም ግንቡ፣ ጥር መዋኛው፤ ሌላውን ተስማሙ።

የቁስቋሙ፦ ኅዳር የእኛ ነው፤ በዓላችን ኅዳር 6 ነው። ጳጉሜን ላይ የሚያስቀምጠን ካለ ከአሁኑ እቃወማለሁ።