ማልያውን የቀየረው ማነው? የበርገኑ የሠራተኛ ጋዜጣ ነገር

የዝናብ ልጅ፦
ትናንት ቡና ላይ ስለ በርገን (ኖርዌይ) ጋዜጣ ሲወራ አንድ ሰው "በርገንሳቪሰን የሠራተኛውን ማልያ አውልቆ ሸጠው" ብሎ ሲደመድም ዝም ብዬ ሰማሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አንገበገበኝ። እዚህ በርገን ጋዜጣው በተነሳ ቁጥር ይቺው ናት። ድሮ የሠራተኛ ፓርቲው ልሳን ነበር፣ አሁን የከተማው ቡድን የብራን ኳስና የመንገድ ክፍያ ብቻ ሆነ፣ ከሃዲ ነው። እስቲ ማን ነው ከሃዲው?

ፍሎየን ሥር፦
"አንድ ሰው" አትበል፣ እኔ ነኝ ያልኩት። አሁንም እለዋለሁ። በፈረንጅ በ1927 ሲቋቋም ስሙ "በርገንስ አርባይደርብላድ" ነበር፤ የበርገን ሠራተኛ ጋዜጣ ማለት ነው። ዛሬ "የበርገን ጋዜጣ" ብቻ ነው። ሠራተኛውን ከገዛ ስሙ ያባረረ ጋዜጣ ማልያ አልቀየረም ልትለኝ ነው?

የዝናብ ልጅ፦
ማልያ ካልክ ከ1923 እንጀምራ። ያኔ እዚህ ከተማ የሠራተኛው ጋዜጣ "አርባይደ" ነበር። የሠራተኛ ፓርቲው በ1919 የሞስኮው የኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር፣ ኮሚንተርን፣ ገባ፣ በ1923 ደግሞ በቃኝ ብሎ ወጣ። አንወጣም ያሉት የኮሚኒስት ፓርቲን መሠረቱ፤ ጋዜጣውም ከእነሱ ጋር እዚያው ቀረ። ጋዜጣው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ፓርቲው ነው የሄደው። ታዲያ ማልያ የቀየረው ማነው?

ሚሚ ከላክሰቮግ፦
😂😂 ተጫዋቹ ቆሞ ቡድኑ ሄደ

ፍሎየን ሥር፦
ይሄ ጥያቄ መሸሽ ነው። እኔ ስለ አንድ ጋዜጣ አወራለሁ፣ አንተ ሌላ ጋዜጣ ይዘህብኝ ትመጣለህ።

የዝናብ ልጅ፦
ምን ሌላ ጋዜጣ አለው! ያንተው የተወለደው እኮ ፓርቲው ያኛውን ስለተነጠቀ ነው። በሌላዋ ከተማ በትሮንድሄምም ያው ነው የሆነው፤ የዚያው የሠራተኛ ጋዜጣ "ኒ ቲድ" ለኮሚኒስቶቹ ሲቀር በ1924 "አርባይደር አቪሰን" ተቋቋመ። በ1927 ደግሞ ቀደም ብለው ተገንጥለው የነበሩት ሶሻል ዴሞክራቶች ወደ ፓርቲው ተመለሱ፣ ምርጫው ላይ 59 መቀመጫ ተገኘ፣ በጥር 1928 መንግሥት ሆኑ። አስራ ስምንት ቀን ቆዩ። በዚያ ግርግር ውስጥ የተወለደ ጋዜጣ ከመጀመሪያውም የማስታረቂያ ልጅ ነው። አንተ የምትናፍቀው ንጹሕ ቀይ ማልያ መቼ ነበረውና?

ሚሚ ከላክሰቮግ፦
18 ቀን?? የእኛ እቁብ እንኳን ከዚያ ይረዝማል

ጋሽ አሳምነው፦
ልጆች፣ ማልያ ማልያ ስትሉ ዋላችሁ። ማልያውን የሚገዛውን ማን ጠየቀ? እኔ በሦስት መንግሥት ሥር ጋዜጣ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ የማየው ባለቤቱን ነው። የዚህኛው ባለቤት አሜዲያ የሚባለው የጋዜጦች ኩባንያ ነው። ድሮ በኤልኦ፣ ማለትም በሠራተኛ ማኅበራቱ፣ እና በስልክ ኩባንያው በቴሌኖር እጅ ነበር። በ2016 ለአንድ የቁጠባ ባንክ ፋውንዴሽን ተሸጠ። የሠራተኛው ጋዜጣ በባንክ ገንዘብ ተገዛ ማለት ነው። ሌላው ወሬ ነው።

ፍሎየን ሥር፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! "ሸጠው" ያልኩት ይኸው!

የዝናብ ልጅ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሸጠው ጋዜጣው አይደለም፣ ራሱ ኤልኦ ነው። የሠራተኛው ማኅበር ድርሻውን ሸጦ ብሩን ወሰደ፣ እርስዎ ጋዜጠኛውን ይወቅሳሉ። ደግሞ ከ1953 ጀምሮ የጋዜጣ ባለቤቶችና አዘጋጆች የተስማሙበት ሰነድ አለ፤ የሚወጣውን የሚወስነው ዋና አዘጋጁ ነው፣ ባለቤቱ አይደለም።

ጋሽ አሳምነው፦
ወረቀቱን አውቀዋለሁ ልጄ። ያ ወረቀት ከተፈረመ በኋላም እኮ የፓርቲ ጋዜጣ አዘጋጅ በፓርቲው ኮሚቴ ውስጥ መቀመጡ ነውር አልነበረም። ታዲያ ማን ማንን ያዝዝ ነበር?

የዝናብ ልጅ፦
እሱን ነው እኮ የምለው! ድሮ ታዛዥ ነበር፣ አሁን ቢያንስ የፓርቲውን ከንቲባ መተቸት ይችላል። እናንተ የምትናፍቁት ታዛዥነቱን ነው።

ፍሎየን ሥር፦
"ቢያንስ" አለ! ከሠራተኛ ጋዜጣ የተረፈችን "ቢያንስ" ናት።

ሚሚ ከላክሰቮግ፦
ሌላኛው የከተማው ጋዜጣ፣ በርገንስ ቲደንደስ? እሱም በ1868 የተመሠረተ፣ የሊበራሎቹ ፓርቲ የቬንስትረ ጋዜጣ ነበር፣ ዛሬ የማንም አይደለሁም ይላል። እሱን ከሃዲ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሀብታም ማልያ ሲቀይር ፋሽን ነው፣ ደሃ ሲቀይር ክህደት?

ፍሎየን ሥር፦
ሚሚ አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ። እሱ ከተማው ላይ አንደኛ ነው፣ ምንም አልጎደለበትም። የእኛው ሁለተኛ ስለሆነ ነው በመንግሥት ድጎማ ሲኖር የከረመው። በ1969 የተጀመረው ድጎማ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሁለተኛ ጋዜጣ ነው የታሰበው፤ ከተማው አንድ ድምፅ ብቻ እንዳይሰማ። ሌላ ድምፅ ይሁን ተብሎ በግብር ብር የቆየ ጋዜጣ ሌላ ድምፅ ካልሆነ ምን ይሠራል?

የዝናብ ልጅ፦
አሁን ቁም ነገር ተናገርክ። ግን ድጎማው ሌላ ጋዜጣ ይኑር ነው ያለው እንጂ ቀይ ይሁን አላለም። ቀይ እንዲሆን ከፈለግህ እንደ ድሮዎቹ ከኪስህ አውጣ። ለመሆኑ ደንበኝነት ገብተሃል?

ፍሎየን ሥር፦
የገባሁት አልገባሁት ካንተ ምን አገናኘው።

ሚሚ ከላክሰቮግ፦
አልገባም 😂 የኔን ነው ቡና ላይ ሲመጣ የሚያነበው

ፍሎየን ሥር፦
ሚሚ ቅዳሜ እንገናኛለን። አንተም የዝናብ ልጅ፣ ስለ ስሙ የጠየቅሁህን እስካሁን አልመለስክም።

የዝናብ ልጅ፦
አንተም 1923ን አልመለስክ።