መሬት ሲነሳ ስበቱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ቀያሽ ከአዳማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። ሥራዬ ቅየሳ ነው፣ 11 ዓመት ሆነኝ። ሌቭልና ስታፍ (ከፍታ የምናነብበት መነጽርና ባለ ቁጥር ዘንግ) ይዤ ከሶደሬ መንገድ እስከ ወንጂ ያልረገጥኩት ሜዳ የለም።

ሰሞኑን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሥልጠና ላይ አንድ ባለሙያ ስለ ስዊድንና ፊንላንድ ነገረን። በበረዶ ዘመን እዚያ አገር ላይ ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የበረዶ ግግር ተጭኖ ነበር። ከቀለጠ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። መሬቱ ግን ዛሬም እየተነሳ ነው። በጣም በሚነሳበት ቦታ በዓመት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

እስከዚህ ገባኝ። ማታ ለልጄም ነገርኳት። «ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ተኝተሽ ስትነሺ ፍራሹ ቀስ ብሎ ይመለስ የለ? እንደዚያ ነው» አልኳት።

ግራ የገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ባለሙያው «መሬት ላይ የተቀመጠ የስበት መለኪያ፣ ስበቱ ከዓመት ዓመት ሲቀንስ ያሳያል» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሳተላይቶች በረዶው በነበረበት አካባቢ ስበት ሲጨምር ያያሉ» አለ። እጄን ሳላነሳ ሰዓቱ አለቀ። መሬቱ ያው አንድ መሬት ነው። ታዲያ የቱን ልመን?

ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። ሁልጊዜ የምነሳበት አንድ ቤንችማርክ (ከፍታው የታወቀ ምልክት) አለ፣ አጥር ጥግ የተተከለ። ሚያዝያ ላይ ለካሁት። ነሐሴ ላይ ስመለስ 14 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ ደግሜ ለካሁት፣ ሦስቴም ያው ነው። ያሠሩኝ ሰዎች «ስታፉን አጣመህ ይዘህ ነው» አሉኝ። በጣም ከፋኝ። የስታፉን ውኃ ልክ ሳላይ አንብቤ አላውቅም። ጠዋት ሰማዩ ሲጠራ ከዚህ ጭላሎ ይታየኛል። የአርሲ ተራሮችም ድሮ በረዶ ነበረባቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ ጋር ይገናኝ ይሆን?

ጡረተኛው መምህር፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነት ነው። ዋናው ነገር መለኪያው የት እንደቆመ ነው።

መሬት ላይ ያለው መሣሪያ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ከምድር መሃል ይርቃል፣ ስበቱም ይቀንስበታል። ቅናሹ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 0.31 ማይክሮጋል ገደማ ነው። አንድ ማይክሮጋል የምናውቀው ስበት ከቢሊዮን አንዱ ያህል ናት። ትንሽ ናት፣ ግን ትለካለች።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቦታ በ10 ዓመት 9 ሴንቲ ሜትር ተነሳ እንበል። ከሥሩ ምንም ነገር ካልገባ ስበቱ 28 ማይክሮጋል ያህል መቀነስ ነበረበት። ስካንዲኔቪያ ውስጥ ሲለካ ግን የሚገኘው 15 ገደማ ብቻ ነው። ለአንድ ሚሊ ሜትር 0.16 ወይም 0.17 ይደርሰዋል ማለት ነው። የቀረውን ማን ሞላው? ከታች የገባው ድንጋይ ነው። በረዶው ሲጫን ማንትሉን፣ ከመሬት ቅርፊት በታች ያለውን ድንጋይ፣ ወደ ጎን ገፍቶት ነበር። ጭነቱ ሲነሳ ማንትሉ በጣም በዝግታ እየተመለሰ ነው። የተመለሰው ድንጋይ የራሱን ስበት ይዞ ይመጣል።

ሳተላይቱ ደግሞ ከመሬቱ ጋር አይነሳም። በራሱ ምሕዋር ይሄዳል። ስለዚህ መራቁን ሳይሆን የገባውን ድንጋይ ብቻ ያያል። ለሱ ስበት ጨመረ። ግሬስ የሚባሉት ሁለት ሳተላይቶች ከ2002 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ይከታተሉ ነበር። በመካከላቸው ያለው ርቀት የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ ቢለወጥ ያውቁት ነበር። ካናዳ ውስጥ በሃድሰን ቤይ ዙሪያ ስበት ሲጨምር ያዩት እንዲህ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ተተኪዎቻቸው ወጥተዋል።

ፍራሹን ግን ለልጅህ አስተካክልላት። ፍራሽ ሲነሳ የሚሞላው በአየር ነው። የመሬቱ ነገር ማር ላይ ጣትህን ጭነህ ብታነሳ እንደሚሆነው ነው። ጉድጓዱን የሚሞላው ከዙሪያው የሚመጣው ማር ራሱ ነው። ከፍታ ብቻ ብትለካ ፍራሽ ይሁን ማር አታውቅም። የሚለየው ስበት ነው።

ከሉሌዮ፦

ሰላም ወንድሜ። ሰሜን ስዊድን፣ ሉሌዮ ነው የምማረው። ይህ ነገር እዚህ በዓይን ይታያል። የድሮዋ ከተማ ወደቧ እየደረቀ መርከብ አላስገባ ስላለ በ1649 እ.ኤ.አ. ከተማው ወደ ባሕሩ ቀረብ ብሎ ተዛወረ። የድሮው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከባሕር ርቆ ሜዳ ላይ ቆሟል።

የቴርሞሜትሩ አንደርስ ሴልሺየስም በ1731 እ.ኤ.አ. ዬቭሌ ከተማ አጠገብ ባለች ደሴት ላይ፣ ውኃው የደረሰበትን ልክ ድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር። ምልክቱ ዛሬ ከውኃው ወደ 2 ሜትር ከፍ ብሏል። እሱ ግን የመሰለው ባሕሩ እየጎደለ ነው። ለሥራህ የሚስብህ ነገር ልጨምር። ፊንላንድ ውስጥ ክቫርከን በሚባለው ቦታ በየዓመቱ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ መሬት ከባሕር ይወጣል። የሚወጣው መሬት የውኃው ባለቤት ለነበሩት ነው የሚሆነው። ቀያሽ ሥራ አያጣም።

አብሶሉት ግራቪሜትር የሚባለው የስበት መለኪያ ሲሠራም ቆሜ አይቻለሁ። ቁመቱ ሰው ያህላል። አየር የወጣበት ቱቦ ውስጥ አንዲት መስታወት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ትወድቃለች። ሌዘር ውድቀቷን ይቆጥራል፣ የአቶም ሰዓት ጊዜውን ይይዛል። ከዚያ ማንሻው መልሶ ያነሳታል፣ ደግማ ትወድቃለች። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲል ያድራል። አንዱ ውድቀት ምንም አይደለም፣ የሺዎቹ አማካይ ነው የሚፈለገው። ክፍሉ ውስጥ ማንም አይራመድም። እኔም በር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት።

ያ መሣሪያ ሳይኖርም ሠርተውታል። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኖርዌይ እስከ ፊንላንድ በ63ኛው ኬክሮስ ላይ የመለኪያ መስመር ዘርግተው በየጊዜው እየተመላለሱ ይለካሉ። ብልሃቱ ነጥቦቹን ስበታቸው እኩል ሊሆን በተቃረበባቸው ቦታዎች መምረጣቸው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን የመሣሪያው የስኬል ስህተትም ትንሽ ይሆናል። አንተም የባክሳይትና የፎርሳይት (የኋላና የፊት ንባብ) ርቀት እኩል ታደርግ የለ? ሐሳቡ የዚያ ወንድም ነው።

ድንጋይ ቆጣሪ፦

ጂኦሎጂ ነው ሥራዬ፣ ስለ ቤንችማርኩ ልናገር።

በረዶው አይደለም። አርሲ ውስጥ ባዳ ተራራ ላይ፣ ባሌ ውስጥም ሳነቴ ላይ የበረዶ ግግር ነበር፣ የገፋው ድንጋይ እስካሁን ተከምሮ ይታያል። ግን የተራራ ቆብ ነበር። እንዲህ ያለውን ጭነት የመሬት ቅርፊት ሳይጎብጥ ይሸከመዋል። ስካንዲኔቪያ ላይ የነበረው አገር ሙሉ ስለሆነ ነው ማንትሉን የገፋው። እዚያ ድሮ የባሕር ጠረፍ የነበረ ቦታ ዛሬ ከባሕሩ 286 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል።

ስምጥ ሸለቆውም ቢሆን አይመስለኝም። አዎ፣ እዚህ መሬቱ በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተከፈተ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል የመጣውን መንቀጥቀጥ አዳማ ውስጥ ሁላችንም አልጋችን ላይ ሆነን አውቀነዋል። ግን ያ ቢሆን የአንድ አጥር ጥግ ብቻ አይነሳም፣ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚነሳው።

እኔ የምጠረጥረው አፈሩን ነው። ቦታው ጥቁር መረሬ ነው? ሚያዝያ ላይ ተሰንጥቆ ይደርቃል፣ ነሐሴ ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። 14 ሚሊ ሜትር ለሱ ምንም አይደለም። ስታፉን አጣመህ የሚለውን እኔም አልቀበለውም። የተጣመመ ስታፍ ንባቡን ያበዛዋል፣ ነጥቡን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ከፍ አያደርገውም።

የስበት ለኪዎችም ከውኃ ጋር ነው የሚታገሉት። ከመሣሪያው ሥር አፈሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውኃ ቢጠጣ ስበቱ 4 ማይክሮጋል ይጨምራል። ስዊድን ውስጥ ይህ የሦስት ዓመት መነሳትን ያህል ይሸፍናል። ለዚህ ነው ከዓመት ዓመት በአንድ ወቅት የሚለኩት።

ቀያሽ ከአዳማ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሩን ለልጄ አሳየኋት። ጣቷን አስገብታ አወጣች፣ ጉድጓዱ ሲሞላ አፍጥጣ አየችው። «ከየት መጣ?» አለችኝ። ያው የእርስዎ ጥያቄ ነው።

የስታፉን ነገር ሳነብ ደግሞ ደስ አለኝ። 11 ዓመት ሠርቼ በዚያ በኩል አላሰብኩትም። እውነት ነው፣ መሬት ላይ ያቆምኩት ስታፍ ቢያዘነብል ንባቡ ይበዛል፣ ነጥቡ ይወርዳል። ነገ ለሰዎቹ ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳያቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ የቤንችማርኩን ዙሪያ በአካፋ ጫር አደረግኩት። ጥቁር መረሬ ነው፣ እጄ ላይ ተጣበቀ። ኮንክሪቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይገባም። ኮረብታው ላይ፣ የነፋስ ተርባይኖቹ ያሉበት በኩል፣ አለት ላይ የተቀረጸ ሌላ ነጥብ አለኝ። ጥር ላይ ከዚያ ተነስቼ መስመሩን ዘግቼ (ወደ መነሻው ተመልሼ) እለካዋለሁ፣ ሚያዝያና ነሐሴ ላይም እደግመዋለሁ። ንባቦቹን እዚሁ እለጥፋለሁ።