ሀገር ፍቅር ሲጀመር ቴአትር ቤት ነበር እንዴ?

ማሂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከጓደኛዬ ጋር ክርክር ይዘናል። እሱ ሀገር ፍቅር ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለመዝናኛ ተብሎ የተከፈተ ቤት ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ ከወረራው በፊት ነው ባይ ነኝ። ፒያሳ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ እንጂ ታሪኩን በወጉ የነገረኝ የለም። የምታውቁ እስቲ በሉን። ስሙስ ለምን እንደዚህ ተባለ?

የአራዳ ልጅ፦ አንቺ ነሽ ልክ። የተቋቋመው ሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ድንበር ሊያልፍ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ያኔ ማኅበር እንጂ ቴአትር ቤት አልነበረም፤ የሀገር ፍቅር ማኅበር። መሥራቹ መኮንን ሀብተወልድ ናቸው፤ የአክሊሉ ሀብተወልድ ወንድም፣ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር የተገደሉት። ዓላማው ሕዝቡን ለመጣው ጦርነት ማነሳሳት ነበር፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ሰው ይሰበሰባል፣ ስለ ሀገር ንግግር ይደረጋል። ግን በንግግር ብቻ ሕዝብ ቆሞ አይውልም፤ ማሲንቆው፣ ፉከራው፣ ቀረርቶው አብሮ ይመጣል። መድረኩን የወለደው ይሄ ነው፤ ስለዚህ «ለመዝናኛ ተከፈተ» ሲባል እኔ በጣም ይከፋኛል።

እማማ ዘሪቱ፦ ልጆቼ፣ ጓደኛሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በወረራው ዘመን ተቋርጦ ከነፃነት በኋላ ነው እንደገና የቆመው፤ ሰዉ የሚያውቀው ሀገር ፍቅርም ያኛው ነው። ዘፈኑም፣ ውዝዋዜውም፣ ቴአትሩም በአንድ መድረክ። መጀመሪያ ላይ ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ ይወጣል፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበራ። በኋላ እነ አሰለፈች አሽኔና ጌጤነሽ ክብረት መጡልን፣ ነፍሳችንን አለመለሙት። ጥላሁን ገሠሠም ክብር ዘበኛ ከመግባቱ በፊት እዚያው ነበር።

ናቲ፦ አንድ ነገር ላስተካክል፣ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው። የሀገራችን ዘመናዊ ቴአትር በሀገር ፍቅር አልተጀመረም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ተረት ላይ ተመሥርተው የጻፉት ቴአትር ከዚያ በፊት በ1910ዎቹ ታይቷል። ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፣ በንጉሡ ስም። የሀገር ፍቅር ልዩነቱ ሌላ ነው፦ ከሕዝብ መሐል፣ በባህል መሣሪያ ተነስቶ እስካሁን መዝለቁ።

ማሂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ በተለይ እርስዎ። ጓደኛዬ ይሄን ያንብብ። የድሮ ፎቶ ወይም የፕሮግራም ወረቀት ቤቱ ያስቀመጠ ካለ እባካችሁ እዚህ ይለጥፍልን፤ የፒያሳ ብዙ ሰፈር በ2016 ከፈረሰ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የት እንደሚገኝ ግራ ገብቶኛል።