የተቀቀለ እንቁላል «ተበላሸ» ይባላል? ረጋ፣ ተፈታ፣ ለፋ፣ ላመ

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ልጆቹ የሚገባቸው ዞሮ ዞሮ በአማርኛ ስናወራው ነው። ሰሞኑን ፕሮቲን ላይ ደርሰናል። ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ ጨሌ በተለያየ ተራ እየተሰኩ ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ሰንሰለቱ ተጣጥፎና ተጠማዝዞ የየራሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውን የሚሠራውም በዚያ ቅርጹ ነው። ሙቀት ወይም አሲድ ሲያገኘው ግን ቅርጹን ያጣል፤ ይኸ ዲናቹሬሽን ይባላል አልኳቸው። እስከዚህ ደኅና ነበርኩ። ለማሳጠር ብዬ «በአማርኛ ተበላሸ እንደማለት ነው» አልኩና አረፍኩት።

አንዱ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እንግዲያው የተቀቀለ እንቁላል የተበላሸ እንቁላል ነው?»

ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ፤ ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጁ እውነቱን ነው። ለዚያ እንቁላል የሚሆን ግሥ አዋጡልኝ። አዲስ ቃል ግን አትፍጠሩብኝ፤ ሰው አፍ ላይ ያለ ይሁን።

ሰዋስው፦
«ተበላሸ» ፍርድ ያለበት ቃል ነው፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። እንቁላሉ ለጫጩትነት ተበላሽቷል፤ ለቁርስ ግን ደርሷል። ማን ነው ፈራጁ? እኔ «ረጋ» እላለሁ። ወተት ይረጋል፣ ደም ይረጋል፣ የወጥ ቅባት ብርድ ሲያገኘው ይረጋል። ሰውም ይረጋል፣ አገርም። ሲፈስ ወይም ሲናወጥ የነበረው ነገር ስፍራ ያዘ ማለት ነው። «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» ስንልም ወተቱንም ሰውዬውንም በአንድ ቃል ይዘናቸዋል።

የሰኞ ገበያዋ፦
ልጆቼ፣ እኔ ኬሚስትሪ አልተማርኩም፤ እንቁላል ረጋ ሲባልም ሰምቼ አላውቅም። እንቁላል በሰለ ነው። ወተት ግን አዎ ይረጋል፤ ያውም ካልነካካሽው። በወይራ በታጠነ ቅል ታስቀምጪዋለሽ፣ ሲረጋ ትንጪዋለሽ፣ ቅቤው ይወጣል። አሬራውን ደግሞ እሳት ዳር ለዘብ አድርገሽ ስታሞቂው አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ተረቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ያልረጋ ወተት ብትንጪ ክንድሽን ነው የምትጨርሺው።

ቤተ ሙከራ፦
እትዬ፣ እጅዎን ይባርከው። እርስዎ የነገሩን አካሄድ በሙሉ የፕሮቲንና የስብ ኬሚስትሪ ነው። ጦሳ ሥር ግን «ረጋ»ን ሳታጣሪ አትውሰጂው፤ አንድ ቃል ሆኖ ሦስት የተለያየ ሥራ ይሠራል።

የወተቱን እንይ። ባክቴሪያዎቹ የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ኬሲን የሚባለው ፕሮቲን ትኩስ ወተት ውስጥ በጣም ጥቃቅን እንክብል ሆኖ ይንሳፈፋል፤ እንክብሎቹ የኤሌክትሪክ ቻርጃቸው ተመሳሳይ ስለሆነ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አሲዱ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ አሲድነቱ በረታ ማለት ነው) ከ6.7 አካባቢ ወደ 4.6 ሲያወርደው መገፋፋቱ ይቀራል፤ ይያያዛሉ። እርጎ ሆነ። እዚህ ላይ የታጠፈው ፕሮቲን ቅርጹን አጣ ለማለት አይመችም፤ ኬሲን ድሮም ልል ነው፣ የሚያጣው ይህን ያህል የተጣጠፈ ቅርጽ የለውም።

ደም ሌላ ነው። ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን ደሙ ውስጥ ሟሙቶ ይዞራል። ቁስል ሲኖር ትሮምቢን የተባለ ኢንዛይም (የኬሚካል ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ይመጣና ከሰንሰለቱ ጫፍ ጥቂት ይቆርጥለታል፤ የተቆረጠው ፋይብሪን ሆኖ እንደ ሸረሪት ድር ይተሳሰራል።

እንቁላሉ ጋ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ በሁለት እርምጃ ነው የሚሄደው። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ሲል የነጩ ፕሮቲኖች ትብትባቸው መላላት ይጀምራል። ውሃ የማይወዱት ክፍሎቻቸው ወደ ውስጥ ተደብቀው ነበር፤ አሁን ወደ ውጭ ይወጡና ከጎረቤት ሰንሰለት ጋር ይጣበቃሉ። ጥርት ያለው ፈሳሽ ነጭና ጠጣር የሚሆነው ያኔ ነው። ልብ በሉ፣ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። አሚኖ አሲዶቹ በተራቸው እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ተፈታ፣ ከዚያ ረጋ። ዲናቹሬሽን ማለት የመጀመሪያው ብቻ ነው።

«ተፈታ»ን የመረጥኩት ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። የተፈታ ይታረቃል። ክርስቲያን አንፊንሰን የተባለው አሜሪካዊ ሪቦኑክሊዬዝ የሚባለውን ኢንዛይም በኬሚካል ፈታውና ኬሚካሉን ሲያስወግድለት ኢንዛይሙ ራሱ ተጣጥፎ ወደ ቀድሞ ቅርጹና ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1972 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ የሆነው በዚህ ጥናቱ ነው። የእንቁላሉ ነጭ በቀዝቃዛ ውሃ ብትነክሩት የማይመለሰው ከተፈታ በኋላ ስለረጋ ነው።

ሰዋስው፦
እጅ ሰጥቻለሁ፤ «ተፈታ» ይሻላል። ለመጽሐፍ የሚሆን ስም ካስፈለገ ከግእዙ ከፈትሐ እናወጣለን፦ ፍትሐተ ፕሮቲን።

ነቃሽ፦
እንቁላሉን ልትቀብረው ነው እንዴ? ፍትሐት ሲባል ሕዝቡ የሚያስበው ጸሎቱን ነው። ደግሞ ፍርድ ያለበት ቃል አንጠቀም ብለህ የጀመርከው አንተ ነህ፤ ፍትሕ ከዚያው ከፈትሐ የመጣ አይደለም?

ሰዋስው፦
ነው። ፈትሐ ከፈተም ፈታም ፈረደም ነው። ተይዣለሁ፤ ስሙን ሰርዙልኝ።

የቦርከና ልጅ፦
እናንተ ደሴዎች እንቁላሉ እስኪፈታላችሁ ስንት ሰዓት ትጠብቃላችሁ? 2,500 ሜትር ግድም ላይ ሆናችሁ ውሃችሁ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። እኛ ኮምቦልቻ ወረድ ስላልን ወደ 94 እናደርሰዋለን። ለእንቁላል ሁለቱም ይተርፋል፤ ለባቄላ ንፍሮ ግን ደሴ ያለችው አክስቴ ልዩነቱን በከሰል ሒሳብ ታውቀዋለች።

እኔ የመጣሁት ግን ለሌላ ግሥ ነው። የምሠራው ቆዳ ላይ ነው። ቆዳን ቆዳ ያደረገው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፦ ሦስት ሰንሰለት እንደ ገመድ አንድ ላይ ተገምዶ። ጥሬ ሌጦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትከቱ 60 ዲግሪን አለፍ ሲል ገመዱ ይፈታል፣ ሌጦው ይኮማተራል፤ ብታፈሉትማ ሙጫ ይሆናል። ክሮም በሚባል ማዕድን የለፋ ቆዳ ግን የፈላ ውሃ ይችላል፤ ክሮሙ በገመዶቹ መካከል ገብቶ እርስ በርስ ስለሚያስራቸው ነው። በድሮው አሠራር ከዛፍ ቅርፊት የሚገኘው ታኒን በራሱ መንገድ ያስረዋል። ስለዚህ ተፈታ ካላችሁ ተቃራኒው ለፋ ነው። ማልፋት ማለት እንዳይፈታ አድርጎ ማሰር ነው።

ቃሉን ደግሞ እዩት፦ ቆዳው ለፋ፣ ሰውዬው ለፋ። የቱ ከየቱ እንደመጣ አላውቅም፤ በድሮው አለፋፍ ግን ቆዳውም ሰውዬውም እኩል ነበር የሚለፉት። ይፋቃል፣ ይነከራል፣ ቅቤ ጠጥቶ በእግር ሲረገጥ ይውላል። «ልፋቴ ከንቱ ቀረ» የምንል ሁሉ ከዚያ ሰው ሥራ ጋር ቃል እንጋራለን፤ ሰውየውን ግን «ፋቂ» ብለን ሰደብነው። ይኸ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ጦሳ ሥር፦
ወንድማለም፣ ይህንን ለክፍሌ እወስደዋለሁ፤ ፋቂ ያልከውንም ጭምር።

እናንተ ፕሮቲን ላይ ስትሟገቱ እኔ ካርቦሃይድሬት ላይ አንድ ነገር አየሁ። ልጆች ሁልጊዜ የሚያምታቱት መቀቀልን ከመፈጨት ጋር ነው። ቤተ ሙከራ እንዳለው መቀቀል ሰንሰለቱን አይበጥስም። ሆድ ግን ይበጥሳል። ለሁለተኛው ቃል አለን፦ ልመት። መማሪያ መጻሕፍት ላይ «ሥርዓተ ልመት» የሚለውን ስናነብ ባዕድ ይመስለናል እንጂ ከላመ ነው፤ ዱቄቱ ላመ፣ ደቀቀ።

አሁን «የላመ የጣመ» የሚለውን አስቡት። የተመቸው ሰው ምግብ ነው፤ በወንፊት የተነፋ፣ ቅመም የበዛበት። እኔ ሁለቱን ቃላት ቤት እንዲመታ የተደረደሩ አድርጌ ነበር የማያቸው። ግን አንድ ቁራሽ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሳትውጡ ብዙ ጊዜ አኝኩት። ቆይቶ መጣፈጥ ይጀምራል። ዳቦው ውስጥ ያለው ስታርች ግሉኮስ የሚባል ስኳር በመቶና በሺህ እየተቆጠረ የተሰካካበት ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለት እያለ ምላስ ጣፋጭነቱን አያውቀውም። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ ቆራርጦ ትንንሽ ስኳር ሲያደርገው ነው የሚጥመው። ስለላመ ጣመ። አበው አሚሌዝን አስበው ነው አልልም፤ አጋጣሚው ግን ደስ አሰኘኝ።

ገለባም እኮ ግሉኮስ ነው። ሴሉሎስ ብቻ ሆኖ ነው፤ የግሉኮሶቹ አያያዝ ስለሚለይ የእኛ ኢንዛይም መቁረጫ የለውም። ለእኛ አይልምም። ላሟ ግን ሆዷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያልሙላታል። (ሰዋስው፣ ላም ከላመ አልመጣችም፤ ቀልድ ነው፣ አደራህን።)

ሰዋስው፦
ስለ ላሟ ዝም ብያለሁ። ስለ ብቅል ግን ዝም አልልም፤ ያንቺኑ ልመት የሚሠራው እሱ ነውና። በግእዝ በቈለ፣ አቆጠቆጠ ማለት ነው፤ «በቆልት» ላይ ድምፁ እንዳለ ቀርቷል። ከቂም በቀል ጋር ሥሩ አይገናኝም፤ አንዳንዱ ጠላ ቢበቀልም። ገብሱ ሲያቆጠቁጥ ለቡቃያው ቀለብ እንዲሆን ስታርቹን የሚያልም ኢንዛይም ያዘጋጃል፤ ጠላ ጠማቂዋ መሐል ገብታ ትወስድበታለች። ፓየንና ፔርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1833 እ.ኤ.አ. ከብቅል ለይተው ዲያስታዝ ያሉት ይኸንኑ ነው፤ ተለይተው ከወጡት ኢንዛይሞች የመጀመሪያው እሱ ነው። «ኢንዛይም» የሚለው ስም ራሱ ከግሪክ ሲፈታ «በእርሾ ውስጥ» ነው።

ስለዚህ እነሱም ከማጀት ነው የጀመሩት። ፕሮቲን፣ ኢንዛይም፣ ግሉኮስ እንዳሉ ይግቡ፤ ቡናን ስንሰጣቸው እኛ መች ተሳቀቅን። ግሡን ግን ከማንም አንዋስም፤ አለን።

የሰኞ ገበያዋ፦
እርሾ ካላችሁ አብሲት እንዳትረሱ። ከቦካው ሊጥ ጨልፈሽ በፈላ ውሃ አገንፍተሽ መልሰሽ ካልጨመርሽው እንጀራሽ ዓይን አያወጣም። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ካለ እሰማለሁ።

ቤተ ሙከራ፦
እትዬ፣ ስታርቹ ነው። በፈላ ውሃ ሲመታ ጥሬው የስታርች ፍሬ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሊጡንም ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀ ሊጥ የእርሾውን አየር አምቆ መያዝ ይችላል። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን የለውም፤ አብሲት በከፊል የእሱን ቦታ ይሸፍናል።

የሰኞ ገበያዋ፦
ያብጣል ነው ያልከው? አሁን ገባኝ።

ጦሳ ሥር፦
ዛሬ ገባሁ። ሰሌዳው ላይ «ተፈታ → ረጋ» ብዬ ጻፍኩ። ያው ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ የተፈታ ነገር እንዴት ሆኖ ነው የሚረጋው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት መስኮት ሥር የምትቀመጠው ልጅ ቀደመችኝ። «እናቴን ጠይቃት። የረጋችው ከተፈታች በኋላ ነው።»

የሰኞ ገበያዋ፦
ያቺን ልጅ ሳሚልኝ።