ሆም ስክሪኔ ጠፋ! ፎልደሮቼ የት ገቡ?

ሩታ፦ ኧረ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይድረስልኝ! ጠዋት ስልኬን ስከፍተው ሆም ስክሪኑ የኔ አይደለም። በየፎልደሩ የለየኋቸው አፖች የሉም። የካላንደሩ ዊጄትም የለም። በምትኩ የሚያብለጨልጭ ሰዓትና ማስታወቂያ ተደርድሮበታል። አሁን ስብሰባ አለኝ፣ የምገባበት ሊንክ ደግሞ ኖት አፑ ውስጥ ነው። ኖት አፑን ላገኘው አልቻልኩም። ምንም አልነካሁም!

ቶፊ፦ ሪስታርት አድርጊው።

ጋሽ ሥርዓት፦ እህቴ፣ ችግሩ ከሥሩ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ መቀመጥ ያለበት በየቀኑ ለሥራ የምትከፍቺው ብቻ ነው። ከታች ያለው ረድፍ ለአውራ ጣት ስለሚቀርብ ስልክ መደወያ፣ መልእክት፣ ካላንደርና ኖት እዚያ ይሁኑ። ሳታስቢው እጅሽ የሚሄድባቸውን፣ ቪዲዮውንም ማኅበራዊ ሚዲያውንም፣ ከፊት ገጽ አንሺያቸው። አይጠፉም፣ አፕ ዝርዝሩ ውስጥ ይቀመጣሉ። ኖቲፊኬሽንም ሰው ሲጽፍልሽ ብቻ ይምጣ፣ «ቅናሽ አለ» የሚለውን ሁሉ ዝጊው።

ሩታ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አሁን የማደራጀው ነገር የለኝም እኮ። ጠፍቷል!

ማይክ21፦ ፋክተሪ ሪሴት አድርጊው፣ ይጸዳል።

የሌሊት ወፍ፦ ራሱን ላመመው አንገቱን ቁረጡለት አሉ! ሩታ፣ እንዳትሰሚው። ኖትሽም አብሮ ነው የሚጠፋው። የስልክሽን ዓይነትስ ለምን አትነግሪንም? አንድሮይድ ነው አይፎን?

ሩታ፦ ሳምሰንግ።

ቢኒ_ዜድ፦ እኔ ግን ፎልደር የሚባለው ነገር አይገባኝም። «ሥራ»፣ «ሌላ»፣ «ሌላ 2» እያሉ አፕ መቅበር ነው። እኔ የፊት ገጼ ባዶ ነው። ወደ ላይ ሳብ አደርግና የስሙን ሁለት ፊደል እጽፋለሁ፣ ይመጣል። አንቺም እንደዚያ ብታደርጊ ዛሬ አትጨነቂም ነበር።

ሩታ፦ ወደ ላይ ስስበው ማስታወቂያ ነው የሚመጣው።

ሰላሜ፦ እንግዲያው ፕሌይ ስቶር ገብተሽ የኖት አፑን ስም ፈልጊ። «ኢንስቶል» ሳይሆን «ኦፕን» የሚል ከሆነ ስልክሽ ላይ አለ ማለት ነው። እዚያው ተጫኚውና ይከፈታል።

ቶፊ፦ ሪስታርት ሞከርሽው?

የሌሊት ወፍ፦ «ምንም አልነካሁም» የሚል ሰው ባየሁ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው። ሰሞኑን የሚያምር ዎልፔፐር ወይም ቴም ጭነሻል፣ ወይ ስልኩ ሕፃን እጅ ገብቷል። እንዲህ ዓይነት አፖች ብዙ ጊዜ ላውንቸር ናቸው፣ ማለትም ሆም ስክሪኑን በራሳቸው የሚተኩ። ሆም ስክሪን ልሁን ብለው ሲጠይቁ አንድ ሰው «እሺ» ብሏቸዋል። የድሮው ገጽሽ አልተሰረዘም፣ ከኋላ ነው ያለው። ሴቲንግ ግቢ፣ «አፕስ»፣ ቀጥሎ «ቹዝ ዲፎልት አፕስ»፣ ከዚያ «ሆም አፕ»። እዚያ «ዋን ዩአይ ሆም» የሚለውን፣ የሳምሰንግን የራሱን ሆም ስክሪን፣ ምረጪ። ፎልደሮችሽ እንደነበሩ ይመለሳሉ። ከዚያ ያንን እንግዳ አፕ አንኢንስቶል አድርጊው። የ«ዋን ዩአይ ሆም»ን ዳታ ግን ክሊር እንዳታደርጊ፣ ያኔ አደራደሩ እውነትም ይጠፋል።

ሩታ፦ «ኦፕን» ሠራ!!! ሰላሜ ተባረኪ። ስብሰባ ገባሁ፣ የቀረውን በኋላ አየዋለሁ።

ማይክ21፦ ሪሴት ቢደረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ጋሽ ሥርዓት፦ ሲመለስልሽ ባዶ ቦታ ላይ ጣትሽን አቆዪና «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሎክ ሆም ስክሪን ሌይአውት» የሚለውን አብሪው። ኪስ ውስጥ ሆኖም ሆነ ልጅ ሲነካካው አፖቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ቢኒ፣ ስሙን የማያስታውሰው ሰውስ ምን ብሎ ይፈልግ?

ቢኒ_ዜድ፦ ስሙን የማያስታውሱት አፕ ምን ይሠራል? ይጥፋ!

ሄኖክ_7፦ ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገብቼ፣ የኔ አይፎን ነው። የሥራ አፖቼ ያሉበት ገጽ በሙሉ የለም፣ ግን ማታ ማታ ይመጣል። ጂን ነው?

ሰላሜ፦ ጂን አይደለም፣ ፎከስ ነው፤ እንዳትረበሽ ኖቲፊኬሽን የሚያግደው የአይፎን ሴቲንግ። ከአይኦኤስ 15 ጀምሮ እያንዳንዱ ፎከስ የራሱን ገጽ ማሳየት ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ «ፎከስ» ግባና ቀን ላይ የሚበራውን ክፈት፣ የትኛው ገጽ እንደተመረጠ ታያለህ። እስከዚያው አፖቹን እስከ መጨረሻው ገጽ ወደ ግራ ስትገፋ በሚመጣው አፕ ላይብረሪ ውስጥ ታገኛቸዋለህ።