ከምያንማሩ ርዕደ መሬት በኋላ ለሕክምና ባንኮክ መሄድ፦ እንሂድ ወይስ እናዘግይ?

የአዘዞ ልጅ (መጋቢት 28 ቀን 2017)
ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች። አባታችን 66 ዓመታቸው ነው። የቀኝ ዳሌያቸው መገጣጠሚያ ተበልቶ በክራንች ነው የሚሄዱት፤ ባንኮክ ለመገጣጠሚያ ቅየራ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ 16፣ በአዲስ አበባ በኩል ልንበር ትኬት ቆርጠናል። የመጋቢት 19ኙን መንቀጥቀጥ ካየን ወዲህ ግን ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «ሕንፃ ወደተናደበት ከተማ ሽማግሌ ይዞ አይኬድም» ሲል ግማሹ «ሕመሙ እየባሰ ነው» ይላል። በምን እንመዝነው?

ማራኪ 18
እግዚአብሔር ይማርልን። መጀመሪያ ቦታውን ለዩ። በ7.7 የተለካው መንቀጥቀጥ የተነሳው ምያንማር ውስጥ፣ ማንዳላይ አጠገብ፣ ሳጋይንግ በሚባለው የመሬት ስብራት ላይ ነው። ከዚያ እስከ ባንኮክ በአየር መስመር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎንደር ሞያሌ እንደማለት ነው። ተከታይ መንቀጥቀጦች ያንኑ ስብራት ተከትለው ይመጣሉ እንጂ ባንኮክ ድረስ አይሻገሩም። ቁጥራቸውም ቶሎ ይቀንሳል፦ በአሥረኛው ቀን የመጀመሪያው ቀን አንድ አሥረኛ ያህል ነው የሚሆነው። ትልቁ ተከታይ ብዙ ጊዜ ከዋናው በአንድ ነጥብ ገደማ ያንሳል፤ አንድ ነጥብ ደግሞ በጉልበት 32 እጥፍ ያህል ልዩነት አለው።

ታዲያ ባንኮክ ለምን ተናወጠች? ከተማዋ የተቀመጠችው በወንዝ ደለል፣ በለስላሳ ጭቃ ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበው ሞገድ መንገድ ላይ ይሞታል፤ በዝግታ የሚወዛወዘው፣ ዝግተኛው፣ ግን ሩቅ ይጓዛል፣ ጭቃው ደግሞ ያጎላዋል። ሕንፃ አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ በግምት ለየ10 ፎቁ አንድ ሰከንድ ይወስዳል፤ ባለ 30 ፎቁ 3 ሰከንድ ማለት ነው። ዝግተኛው ሞገድ የሚገጥመው ከእነዚህ ጋር ስለሆነ ረጃጅሞቹ ሲወዛወዙ ዝቅተኞቹ ብዙም አልተነኩም። አዋሽ ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥም አዲስ አበባ ላይ ከሁሉ የተሰማው ላይኛው ፎቅ ላለ ሰው ነበር። ቻቱቻክ ሰፈር የተደረመሰው ሕንፃ ደግሞ ገና በግንባታ ላይ የነበረ ነው። ስለዚህ «ታይላንድ ሰላም ነው ወይ?» ብላችሁ አትመዝኑት። የትኛው ሕንፃ፣ ስንተኛው ፎቅ? እሱን ጠይቁ።

ቀሃ
ማራኪ ትክክል ብሏል። ለሆስፒታሉ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ከመጋቢት 19 በኋላ ሕንፃውን የስትራክቸር መሐንዲስ ፈትሾታል ወይ? የቀዶ ሕክምና ክፍሎቹና ሊፍቶቹ በሙሉ እየሠሩ ነው? የሐኪሙ ቀጠሮ አልተገፋም? ከሚያዝያ 5 እስከ 7 የታይላንዶች አዲስ ዓመት፣ ሶንግክራን፣ ስለሆነ ከዚያ በፊት መልስ ካላገኛችሁ ይዘገይባችኋል። «ሁሉም ደህና ነው» የሚል አንድ መስመር መልስ አይበቃም።

እኔን ከሆስፒታሉ በላይ የሚያሳስበኝ ማረፊያው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ረጅም በረራ ለደም መርጋት ስለሚያጋልጥ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሳምንታት ያቆያሉ። እነዚያን ሳምንታት አባታችሁ የሚያድሩት አፓርታማ ወይም ሆቴል ውስጥ ነው፤ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆመው ሊፍቱ ነው። ማረፊያውን ይዛችኋል?

በነገራችን ላይ፣ መገጣጠሚያው በመበላት ብቻ ከሆነ ጥቂት ሳምንት መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። የአጥንት ስብራት ወይም ኢንፌክሽን ካለበት ግን አይጠበቅም። እዚህ የሚያክማቸውን ሐኪም ይህን አስለዩት።

የአዘዞ ልጅ
ስብራት የለም፣ መበላት ነው። ማረፊያው ግን 22ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለሆስፒታሉ ቅርብ ስለሆነ ነው የመረጥነው።

ቀሃ
እሱን ቀይሩት። ቢርቅም ባለ አራት አምስት ፎቅ ሕንፃ ፈልጉ፤ ክፍሉ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ይሁን። ስትደርሱ ምሰሶዎቹን ተመልከቱ። ልስን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙ አያስፈራም። ምሰሶ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ላይ እንደ መስቀል የተሻገረ ሰያፍ ስንጥቅ፣ ወይም ብረቱ የታየበት ቦታ ካለ ግን ዕቃችሁን ሳትፈቱ ውጡ።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ፦ «ዝቅ በል፣ ጠረጴዛ ሥር ግባ» የሚለው ምክር አዲስ ዳሌ ላለው ሰው አይሆንም። አብዝተው ከታጠፉ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። አልጋ ላይ ከሆኑ እዚያው ይቆዩ፣ ጭንቅላታቸውን በትራስ ይሸፍኑ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከሆኑ ፍሬኑን ቆልፋችሁ ራስና አንገታቸውን ሸፍኑ። አልጋውን ከመስታወትና ከቁም ሳጥን አርቁት።

ፒያሳ አራዳ
የወረቀቱን ልጨምር። የጎንደርና የባንኮክ ትኬታችሁ በአንድ የማስያዣ ቁጥር ካልተያዘ ኪሳራ አለው፤ አንዱ ሲሰረዝ ሌላውን ማንም አያስተካክልላችሁም። የመቀየሪያ ቅጣቱን ከወዲሁ ጠይቁ። ኢንሹራንስ አሁን ብትገዙ ይህ መንቀጥቀጥ «አስቀድሞ የታወቀ» ስለሚባል በእሱ ሰበብ ለሚሰረዝ ጉዞ አይከፍልም፤ ለሌላው ግን ይጠቅማል።

የቢጫ ወባ ካርድ ለሁላችሁም ያስፈልጋል። ክትባቱ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ ስላለበት፣ ካልተከተባችሁ ሚያዝያ 6 አይለፋችሁ። ካዘገያችሁት ደግሞ ከሚያዝያ 23 ጀምሮ ታይላንድ የምትቀበለው የመግቢያ ፎርም በኢንተርኔት የሚሞላ ነው፤ ከመድረሻው በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ይሞላል። ቀኑ ከተገፋ የሆስፒታሉን የዋጋ ማስረጃ (ፕሮፎርማውን) በአዲስ ቀን አስጽፉ፣ የውጭ ምንዛሪ የምትጠይቁበት ባንክ የቆየውን ሊመልሰው ይችላል።

የሆስፒታሉ መልስ በጽሑፍ ከመጣና ዝቅ ያለ ማረፊያ ካገኛችሁ በያዛችሁት ቀን ሂዱ። አንዱ ከጎደለ እስኪሟላ አቆዩት።