በሊትር 6 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፒካፕ፦ ወንድሜ የናፍጣ ላኪልኝ ይለኛል

የግዮን ልጅ (ዴንቨር)
ሰላም ለሁላችሁ። ከወረታ ባሕር ዳር ሩዝና ቲማቲም እያመላለሰ ራሱን ይችላል ብለን ለታናሽ ወንድሜ አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክስ ገዝተንለት ነበር። አሁን በየወሩ "እህትዬ፣ የናፍጣ ላኪልኝ" ሆኗል። በሊትር ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድም ይላል። ይሄ ነገር ጤነኛ ነው? የቤት ኪራይ ጨምረውብኛል፣ ሁለቱንም አልቻልኩም።

ጋሽ ናፍጣ (ፍራንክፈርት)
እህቴ፣ እኔ መሪ ላይ ነው ያረጀሁት፣ ላስረዳሽ። መጀመሪያ "ይላል" የሚለውን ተይውና ይለካ። ሰልባትዮውን (የናፍጣ ታንከሩን) አፉ ድረስ ይሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ። ሌላ ጊዜ ሲሞላ የሄደውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ያካፍል። ጌጅ ማየት መለካት አይደለም።

ከዚያ ጭሱን ይይ። ሲረገጥ ጥቁር የሚያጨስ ከሆነ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ይሳሳል። ተርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው ሞተር ድሮም አየር ያንሰዋል። የአየር ፍልትሮው በአቧራ ከተደፈነማ አለቀ። ከሱ ይጀምር፣ ርካሹ እሱ ነው። ካልተሻለው ኖዝሎቹን፣ ናፍጣ የሚረጩትን ማለቴ ነው፣ ያስፈትሽ። ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓ ግን ማንም እንዳይነካካበት! "ጉልበት ልጨምርልህ" እያለ ናፍጣ የሚለቅ መካኒክ ሞልቷል።

ጎማውን ጠዋት ሳይሞቅ ያስለካ። ከ100 ይልቅ በ80 ይንዳ፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ነው። በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) መልቀቅም ቁጠባ አይደለም። ማርሽ እንደገባ እግሩን ሲያነሳ ፖምፓው ራሱ ናፍጣ ይቆርጣል። ዓባይ በረሃን በፎሌ የሚወርድ ደግሞ ነፍሱን ለፍሬን ሰጥቷል።

ጣና ናፋቂ (ሚኒያፖሊስ)
ወረታ ስትሉ ሆዴ ተላወሰ። ክረምት ላይ ፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ታስታውሳላችሁ? እዚህ ሐይቅ ሞልቷል፣ ዳሩ ላይ አሳ ጠብሶ የሚያቀርብልህ ግን የለም። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ዘንባባዎቹን ሰላም በሉልኝ።

ዝምተኛው (ቶሮንቶ)
ሁላችሁም የፈራችሁትን ልናገር። ናፍጣው ሞተሩ ውስጥ ለመግባቱ ማን ዋስ አለ? የማደያ ሰልፍ ባለበት ከተማ አንድ ጀሪካን ናፍጣ ጥሬ ገንዘብ ነው።

እንጀራ በወጥ (ለንደን)
ሰውየውን ሳታውቀው ሌባ አደረግኸው? ማደያ ሲያጣ ከጀሪካን ይገዛል፣ በእጥፍ። ውሃ ይቀላቀልበት፣ ሌላ ነገር ይቀላቀልበት ማን ያውቃል? የነዳጅ ድጎማው ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ እየተነሳ መሆኑንስ ረሳኸው?

ዝምተኛው (ቶሮንቶ)
ብሩም በሐምሌ 2016 ለገበያ ተለቋል። ያው መቶ ዶላር ዛሬ ከእጥፍ በላይ ብር ነው። ጥያቄው ግን አይቀንስም!

እንጀራ በወጥ (ለንደን)
ጤፉስ? ጎማውስ? መለዋወጫውስ? ባለበት ቆመልህ? ከአገር ከወጣህ ስንት ዘመንህ ነው ወንድሜ?

የግዮን ልጅ (ዴንቨር)
ኧረ አትጣሉብኝ። ጋሼ፣ ፍልትሮውን ነገርኩት። "በቅርቡ አስነፍቼዋለሁ" አለኝ። ማስነፋት ይበቃል ወይስ ይቀየር?

ዝምተኛው (ቶሮንቶ)
እሱን ተይውና ደረሰኝ ጠይቂው። ማደያ ላይ በቴሌብር ነው የሚከፈለው፣ ስክሪንሾት አይጠፋም።

እንጀራ በወጥ (ለንደን)
የእናቷን ልጅ ደረሰኝ ትጠይቅ? በስመ አብ! አንተን ማነው ያሳደገህ?